የአማትና የአማች ዜሮ ለዜሮ

አንዳርጋቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ውስጥ የተዘለለች አንዲት ክር ለይቶ ያወጣል፤ በእሱ ዓይን ሥር ጉድለት አያልፍም እየተባለም በአለቆቹ ይሞገሳል። ይህ ባለ ንስር ዓይን ሰው እሑድ ሹም አቦ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ለፕሌይስቴሽን ኳስ ሲቀመጥ ግን፣ ከአፍንጫው ፊት ባለው ቴሌቪዥን ውስጥ የምትንከባለለውን ኳስ ማየት ያቅተዋል። ባዶ ጎል ፊት ይደርስና ኳሷን ወደ ሰማይ ይልካታል። ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ፣ ምን ላድርግ፣ ይህ ቴሌቪዥን እኮ አያሳይም ይላል።

ቴሌቪዥኑ በእርግጥ ለስም ማጥፋት የተመቸ ነበር። ከኋላው የስምንት ወር ሆድ ያለው፣ ለማንሳት ሁለት ጎረምሳ የሚፈልግ፣ አናቱ ላይ ዳንቴልና የፕላስቲክ አበባ የተሸከመ የድሮ ዕቃ ነው። ሚስቱ ሰብለ ወንጌል ጎኑን በጥፊ ካላለችው በረዶ ይጥላል። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ተጫዋቾቹ ሁሉ ጉበታቸውን የታመሙ ይመስላሉ። የመስታወቱ ጠርዝ የውጤት ሰሌዳውን ስለሚቆርጠው ስንት ለስንት እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ለነገሩ ማወቅም አያስፈልግም ነበር። ውጤቱ ሁልጊዜ ዜሮ ለዜሮ ነው።

ተጋጣሚው አማቱ መሪጌታ ሣህሉ ናቸው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። መሪጌታ ዕድሜያቸውን በጣና ደሴቶች ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አሁን ከደሴት ወጥተው ዓባይ ማዶ የሚኖሩ ሊቅ ናቸው። ተማሪ ቅኔ ሲያበላሽባቸው የሚያዩት አስተያየት ብቻውን ሰውን ከደሴት ወደ ውኃ ያስገባል ይባልላቸው ነበር። ሰብለ ወንጌልን ለአንድ የድጓ መምህር ልጅ በልባቸው አጭተዋት ሳለ፣ እሷ ከደሴ የመጣ፣ ፊደል ከቆጠረበት ጊዜ ወዲህ ቤተ ክህነት ደጅ ያልጠና የፋብሪካ ሠራተኛ ይዛ ከተፍ አለች። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እግዚአብሔር ያክብርልን» ብለው መረቁና አማቻቸውን ከዚያን ቀን ጀምሮ «አቶ አንዳርጋቸው» እያሉ፣ አንቱ እያሉ፣ ልክ እንደ ወረዳ አስተዳዳሪ ያከብሩት ጀመር።

እንዲህ ዓይነት ክብር ጠላት ላይ እንኳ አይጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በባጃጅ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው፣ ይቀመጣሉ። የጤና ጥያቄው ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ቀጥሎ የዝናቡ ነገር፣ ከዚያ ሐይቁን የወረረው የእንቦጭ ነገር ይነሣል። እንቦጩ ሲያልቅ፣ በወሬ ደረጃ ማለቴ ነው፣ ዝምታ ይነግሣል። አንዳርጋቸው አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው። ከእኚህ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ልጃቸው እንዲቆጥሩት። እሳቸው ግን እንደ ክቡር እንግዳ ተቀባይ ነበር የሚቆጥሩት።

ነገሩን የለወጠው ፕሌይስቴሽኑ ነው። አንድ እሑድ አንዳርጋቸው ጨዋታውን ማጥፋት ረስቶ ሳለ መሪጌታ ደረሱ። የጤና ጥያቄው፣ ዝናቡ፣ እንቦጩ ካለቀ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ጣል አደረጉና፣ ነጭ የለበሱት የማን ወገን ናቸው ብለው ጠየቁ። የማንም እንዳልሆኑ ነገራቸው።

«እንግዲያው እኔ ልያዛቸው» አሉ መሪጌታ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ የኳስ ቀን ሆነ። መሪጌታ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው ጆይስቲኩን እንደ መስቀል በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ነጮቹ ይሮጣሉ፤ ቀዮቹ ይከላከላሉ። ማንም አያገባም።

አንዳርጋቸው የማያገባው ስለማይችል አይደለም፤ እሱ እንደሚያስበው ማለት ነው። አማት ሳይቀመጥ አማች አይቀመጥም፤ አማት ሳይጎርስ አማች አይጎርስም። ታዲያ እጃቸውን አስታጥቦ፣ ጎንበስ ብሎ የተቀበላቸውን ሊቅ ዞር ብሎ ጎል ሊያስቆጥርባቸው ነው? ነውር ነው። ስለዚህ ይስታል። ለቴሌቪዥኑ ያሳብባል። መሪጌታም ምስኪን፣ ጎል ፊት በደረሱ ቁጥር ኳሷ ቋሚውን እየመታች ትመለስባቸዋለች። እሳቸውም ጥፋቱን በበረዶው ላይ ይጥላሉ። አንዳርጋቸው፣ ትንሽ ነው የቀረው እያለ ያጽናናቸዋል፤ በልቡ ደግሞ በገዛ ጨዋነቱ ይደመማል። ስንት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሽማግሌ ሲል ማሸነፍን እንኳ የተወ ሰው ከየት ይገኛል?

ሁለቱ በዚህ ሁኔታ ተከባብረው እስከ ዕለተ ሞት በኖሩ ነበር። ምናሴ መጣና አበላሸው።

ምናሴ የአንዳርጋቸው የሥራ ባልደረባ ነው። ቤቱ ግድግዳ የሚያክል ፍላት ቴሌቪዥን ገዝቷል፤ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አያውቅም። አንድ ቀን አንዳርጋቸውን ሊጠይቅ መጥቶ ባለ ሆዱን ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ነፍስ ይማር የሚል መሰለ። ስለ ኤችዲ የምስል ጥራት ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል፤ ሣሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የበረኛው ላብ ይታያል ይላል። የበረኛን ላብ ማየት ለሰው ልጅ ምን እንደሚረባው አንዳርጋቸው አልጠየቀም። መሪጌታ የደከመ ዓይናቸውን እያጠበቡ በበረዶ ውስጥ ኳስ ሲፈልጉ ትዝ አሉትና፣ እንዲህ ያለውን ብገዛላቸው ደስ ይላቸዋል ብሎ አሰበ። ሐሳቡ የደግ ሰው ሐሳብ ነበር፤ ጥፋት ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ሐሳብ ነው።

ፍላቱ ተገዛ። ባለ ሆዱ ሰባታሚት ለምትኖር የሰብለ ወንጌል አክስት ተላከ። አንዳርጋቸው አሮጌውን ፕሌይስቴሽን በአዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካው ግን ጉድ ታየ። ተጫዋቾቹ ወደ ጎን ተለጥጠው ወፈሩ፤ ፊታቸው በመዶሻ እንደተጠረበ ድንጋይ አራት ማዕዘን ሆነ። ቁልፉን ሲጫን ተጫዋቹ እስኪያስብበት ድረስ ይዘገያል። አንዳርጋቸው ገንዘቡን አፍስሶ ከበፊቱ የባሰ ማየት ቻለ። ምናሴም፣ አማካሪ አይታጣምና፣ ቴሌቪዥኑ ምንም አላደረገም፣ ያረጀው ጌሙ ነው አለው። በሳምንቱ አዲሱ ፕሌይስቴሽንም ገባ።

እሑድ ደረሰ። መሪጌታ ገብተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ግድግዳውን አዩ። ሣሩ ታየ። የሣሩ ጥላ ታየ። የበረኛው ላብ፣ ምናሴ እንዳለው፣ በግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ታየ። የውጤት ሰሌዳው ከነቁጥሩ ጥግ ላይ ተቀምጧል። «ዕፁብ ነው» አሉ መሪጌታ፤ ነጮቹን ያዙ።

ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የመሪጌታ በረኛ አጉል ወጣ። የአንዳርጋቸው አጥቂ ከኳሷና ከባዶ ጎል ጋር ብቻውን ቀረ። አንዳርጋቸው አላሰበበትም፤ ጣቱ የለመደውን አደረገ። አጥቂው ከጎሉ ፊቱን አዙሮ ኳሷን ወደ ተመልካቹ ለጋት።

በድሮው በረዶ ውስጥ ማን ያየው ነበር? አዲሱ ጨዋታ ግን ክፉ አመል አለው። የተሳተውን ኳስ ቀስ አድርጎ፣ ከፊት፣ ከኋላና ከላይ ደጋግሞ ያሳያል። ቀዩ አጥቂ ጎሉን አየ፤ ጎሉ ባዶ መሆኑንም አየ፤ ከዚያ ማተቡን እንደበጠሰ ሰው ዞሮ ኳሷን ጣላት። ሰብለ ወንጌል ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ እያየች ነበር፤ አፏን በሻሿ ያዘች።

መሪጌታ ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ያ ተማሪን ወደ ውኃ የሚያስገባው አስተያየት ዓባይን ተሻግሮ ሹም አቦ ደረሰ።

«አቶ አንዳርጋቸው፣ ይህች ኳስ ለምን ወደዚያ ሄደች?»

«አልታየችኝም፣ መሪጌታ።»

«እኔ የሰውየውን የጫማ ክር አይቻለሁ። እርስዎ ክር የሚያዩ ሰው ነዎት።»

አንዳርጋቸው ላብ በላብ ሆነ። የሱን ላብ ለማየት ኤችዲ አያስፈልግም ነበር። ሊያመልጥ ሞከረ፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ አዲሱ ዕቃ ጥቂት ቀባጠረ። በመጨረሻ እውነቱን አወጣው፤ በአማቱ ላይ ጎል ማግባት ነውር ስለመሰለው እስካሁን ሆን ብሎ ሲስት እንደኖረ ነገራቸው። ይህን ካለ በኋላ ፊታቸውን ሲያይ አበቃልኝ አለ። ከእንግዲህ ያ ባጃጅ ድልድዩን አይሻገርም ብሎ አሰበ፤ ልቡ በእውነት ፈራ።

«እርስዎስ ለምን አያገቡበትም ነበር አባባ?» አለች ሰብለ ወንጌል ከበሩ ላይ።

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔማ በሰው ቤት እንግዳ ሆኜ መጥቼ፣ ባለቤቱን በሚስቱ ፊት ላዋርደው ኖሯል?»

ሊቁም ሲስቱ ኖረዋል ማለት ነው። ሁለት ጤነኛ ወንዶች ያን ሁሉ እሑድ ፊት ለፊት ተቀምጠው ላለማግባት ሲሟሟቱ ኖረዋል። ሰብለ ወንጌል ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም፤ የበሩን መቃን ይዛ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። አንዳርጋቸው ግን አልሳቀም። ከሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ጆሮው ውስጥ ቀርታ ነበር።

«የሰው ቤት?» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ቅሬታ አዘለ። «ይህ የሰው ቤት ነው፣ መሪጌታ? እኔ እኮ አባት የለኝም። እርስዎ ይሆኑኛል ብዬ ነው የኖርሁ።»

ነጮቹና ቀዮቹ ቆመው ይጠብቃሉ። መሪጌታ ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ከሶፋው ጫፍ ወደ ኋላ ተንሸራተቱና ጀርባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስደገፉ።

«ከመጀመሪያው ይጀምሩት» አሉ። «አሁን እንጫወታለን።»

አንዳርጋቸው ጀመረ። እውነቱን ለመናገር አሁንም በልቡ አዝኖላቸው ነበር። ሁለት ያህል አግብቶ፣ ብዙም ሳያስከፋቸው ጨዋታውን ለመጨረስ ወሰነ። ይህን ወስኖ ሳይጨርስ ነጮቹ በግራ በኩል አለፉትና የመጀመሪያው ገባበት። ድንገት ነው አለ። ሁለተኛውም ድንገት ሆነ። ሦስተኛው ሲገባ ድንገት የሚለው ቃል አለቀበት። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን እንደ ጸናጽል በልክ ያነሣሉ፣ በልክ ያሳርፋሉ፤ የአንዳርጋቸው ተከላካዮች ገበያ ውስጥ እንደጠፉ ሰዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ።

«የት ለመዱት?» አለ በመጨረሻ፣ ከአራተኛው በኋላ።

መሪጌታ እዚሁ እሱ ቤት መልመዳቸውን ነገሩት። ኳስ ማግባት ቀላል ነው አሉ፤ ጎሉ ሰፊ ነው፣ የትም ቢመቱት ይገባል። ከባዱ ሳያስታውቁ ቋሚውን ብቻ መምታት ነው፤ ቋሚው ቀጭን ነው፣ ያውም በበረዶ ውስጥ። እሳቸው በየሳምንቱ ቋሚውን ለይተው ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው።

አንዳርጋቸው ያንን ሁሉ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ አይዞዎት እያለ ያጽናናበትን ዘመን አስታወሰና ፊቱ ፍም መሰለ። በጨዋነቱ ሲደመም የኖረው ልቡ አሁን መግቢያ አጣ። ያን ዘመን ሁሉ ሲታዘንለት የኖረው እሱ ራሱ ነበር። ጥርሱን ነክሶ ተጫወተ፤ ተነሥቶ ቆሞ ሁሉ ተጫወተ። አምስተኛው ገባ።

ሰብለ ወንጌል አጠገባቸው መጥታ ቁጭ ብላለች፤ በግልጽ ነጮቹን ትደግፋለች። አንዳርጋቸው ወደ አማቱ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንዲቷን እንኳ ይተዉልኝ፣ አባባ። ሚስቴ ፊት ነው።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ላይ አላነሡም። ነጩ አጥቂ ኳሷን ይዞ እየገሠገሠ ነበር።

«የሚተወው ለእንግዳ ነው» አሉ። «ለልጅ አይተውም።»

ስድስተኛውን አገቡበት።