ነጭ ጥሎሽ በበርበሬ መኪና

ማዕረግ ስለ አሮጌ መኪናው ማውራት ከጀመረ ሰማዩ ራሱ አፍሮ ደመናውን የሚሰበስብ ይመስል ነበር። «ይቺ መኪና አዋሽ ወንዝ ገብታ ወጥታለች! ስትወጣ ወንበሯ ላይ የነበረውን ጋዜጣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት» ይላል። ይህን ወሬ የሸማ ተራዋ ነጋዴ እትዬ ሰብለ ወንጌል ሲሰሙ ሳቁ፤ ስቀውም አመኑት። ልጃቸው ኢዩኤል ሊያገባ ነው፤ ማዕረግ ደግሞ አንደኛ ሚዜው። ታዲያ ጥሎሹን ከሱ ሌላ ማን ይጫን?

ጥሎሽ ሲቀርብ የሙሽራዋ አጎቶች እያንዳንዱን ልብስ ዘርግተው፣ ገልብጠው፣ ወደ ብርሃን አንስተው ነው የሚያዩት። ዕድሜዋን ሙሉ ነጭ ስትሸጥ የኖረች ሴት ለልጇ ሙሽራ እድፍ ያለበት ቀሚስ ብታቀርብ ሸማ ተራ ድጋሚ ቀና ብላ አትሄድም። ማዕረግ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ፤ እሱን ግን ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ማራገቢያውን ሲያበራ በአየር መውጫው ነፋስ ሳይሆን ቀይ ውሃ እፍ ብሎበታል።

መኪናዋ ሌላ ሌላውን ቀን ከበርበሬ በረንዳ በርበሬ ነው የምታመላልሰው። ጆንያው ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ይቆለላል፤ ብናኙ በየስንጥቁ ይገባል። ዝናብ ማስገባት ከጀመረች ወዲህ ማዕረግ ውሃ ሲንጠባጠብ ያየበትን ቀዳዳ ሁሉ በሲሊኮን ሲደፍን ከርሞ የልደት ኬክ አስመስሏታል። እሷ ግን በተደፈነች ቁጥር ይብስባታል።

ከሸማ ተራ እንደወጡ ዝናቡ ወረደ። የጥሎሹ ቅርጫት ከፊት ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል፤ ቀሚሱ ከላይ ወተት መስሎ ተዘርግቷል።

«እትዬ፣ ለማንኛውም ፌስታል ነገር ጣል ብናደርግበትስ?»

«የሙሽራ ልብስ በፌስታል? ጎመን ነው እንዴ?» አሉ ከኋላ። «ደሞስ ጠብታ አታስገባም አላልክም?»

«ኧረ አታስገባም! እንዲያው ለወጉ ብዬ ነው።»

መስታወቱ በጉም ተሸፈነ። ማዕረግ በእጅጌው ጠረገው፤ መልሶ ተሸፈነ።

«ማራገቢያውን አብራው እንጂ፣ ልትፈጀን ነው?»

«የሱ ነፋስ ጉንፋን ያሲዛል፣ እትዬ። አምና ያሳፈርኩት ሰውዬ እስካሁን እያስነጠሰ ነው።»

«እኔ በረንዳ ላይ ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ ምንም አልሆንም። አብራው!»

ይሄኔ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ አለ። ማዕረግ ፍሬን ሲይዝ ዳሽቦርዱ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ቦጭ አለ። በቅርጫቱ ትይዩ ካለው የአየር መውጫ ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ጠብታ ተንጠለጠለች። ቀስ ብላ ወፈረች። ማዕረግ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በአውራ ጣቱ ያዛት።

«ምንድነው የተንቦጨቦጨው?»

«ሆዴ ነው። ምሳ አልበላሁም።»

እትዬ ሰብለ ወንጌል ትዕግሥታቸው አልቆ በወንበሮቹ መሀል እጃቸውን ወደ ማራገቢያው ሰደዱ። ቁልፉ ከተነካ ቀሚሱ አለቀለት። ማዕረግ ቀደማቸውና የቁልፉን ጉጥ ነቅሎ አፉ ውስጥ ከተተው።

«ምን ዋጥክ አንተ?»

«ከረሜላ!» አለ ጉንጩ አብጦ።

ከዚያ ወዲያ አብነት ሰፈር እስኪደርስ ቅርጫቱን እያየ በደመ ነፍስ ነዳ። መካኒኩ ጓደኛው ጠይብ ሸራ ወጥሮ የሚሠራባት ቦታ ጥግ ይዞ ሲቆም ጉጡን ኪሱ ከቶ በሩን በርግዶ ወጣ። ጠይብ ኮፈኑን አነሳ። ከመስታወቱ ግርጌ፣ አየር ወደ ማራገቢያው የሚገባበት ቦይ፣ ቀይ ኩሬ ሞልቷል።

«መኪና ነው ወይስ ድስት ያመጣህልኝ?» ጠይብ ጣቱን ነክሮ አሸተተ። «ወላሂ ድልህ ነው! አየኸው? ትንሽ ከጨመረ ማራገቢያው ውስጥ ይገለበጥና ምን እንደተጫነ ሳይጠይቅ ይተፋዋል።»

ሸራው ራሱ ቀዳዳ ነበር። ውሃው ጠብ፣ ጠብ እያለ ኩሬውን ያሳድገዋል።

«ድፈነዋ!»

«መድፈን መድፈን አትበል! እዚህ የገባ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አላት። የቱን ነው የደፈንከው?»

«እንዴት አድርጌ እንደደፈንኩት ብነግርህ አታምነኝም! አንድ ቀን ከቡታጅራ ስመለስ በረዶው የጎመን ጭንቅላት ሲያክል…»

«ማዕረግ!» ጠይብ አምባረቀ። «ወሬውን ተወው። ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚንጠባጠበው ከየት ነበር?»

ማዕረግ ዞር ሲል እትዬ ሰብለ ወንጌል መስኮቱን ዝቅ አድርገው እያዩት ነው። ኩሬው ደግሞ ጫፍ ሊደርስ ነው።

«ከግራው ጎማ በላይ» አለ ቀስ ብሎ። «ካባራ በኋላም ይንጠባጠብ ነበር። የምታፈሰው እዚህ ጋ ነው ብዬ ደፈንኩት።»

«እሱ እኮ መውጫዋ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ያስወጣችውን መልሰህ አጠጣሃት!»

ማዕረግ የሚዜ ሱፉን እንደለበሰ ጭቃው ላይ ተንጋለለ። ሲሊኮኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ጣለው፤ ምንም አልወረደም። በርበሬው ውስጥ ረግቶ ጠጥሯል። ጠይብ ሽቦ አቀበለው። ማዕረግ ወጋ፣ አዞረ፣ ጎተተ። ከላይ ጠይብ «ሊገለበጥ ነው! ሊገለበጥ ነው!» ይላል። ማዕረግ ዓይኑን ጨፍኖ ሽቦውን እስከ ክንዱ ሰደደው።

ብልቅ!

የስንት ዝናብ ድልህ በደረቱ፣ በአንገቱ፣ በነጭ ሸሚዙ ላይ ተዘረገፈ። ማዕረግ እያስነጠሰ፣ እያነባ፣ «ወረደ?» ይላል። ጠይብ አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ ከላይ ቢያፈስበት ቀጥ ብሎ መሬት ወረደ።

«አበቃ። ማራገቢያው ግን እስኪደርቅ እንዳይነካ። በሉ እርስዎ መስታወቱን ይጥረጉለት፣ እትዬ።»

እትዬ ሰብለ ወንጌል መጀመሪያ ቀሚሱን አነሱ። አንገቱን አዩ፣ ጥለቱን አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ ማዕረግን ከላይ እስከ ታች አዩት። ማዕረግ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከሙሽራዋ ቤት ሲደርሱ ሸሚዝ የሚቀየርበት ጊዜ አልነበረም። አጎቶቹ ቀሚሱን ዘረጉ፣ ወደ ብርሃን አነሱ፣ በጣታቸው ዳሰሱ። የሚነቀፍ አጡ። ትልቁ አጎት ዓይናቸውን ወደ ቀዩ ሚዜ መለሱ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

ማዕረግ አፉን ከፈተ። እትዬ ሰብለ ወንጌል ቀደሙት።

«አዋሽ ገብቶ ነው የመጣው» አሉ ፊታቸው ሳይፈታ። «ልብሱን ግን ጠብታ አላስነካውም።»