የኢዝራ ፒትማን አውራ ጣት

የንግሥቴና የምንይችል ሰባት ቤት በተቆጠረ ዕለት፣ ስማቸው የተጠራ ሙታን ሁሉ በየተራ በሩን እያንኳኩ ገቡ። ወንበር አልበቃም። የንግሥቴ እናት እትዬ ውቢት ከጎረቤት አግዳሚ አስመጡ።

ቆጣሪው ጋሽ ደምለው ናቸው፤ በዘር ነገር ቀልድ አያውቁም። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ሠርግ የለም፣ አለቀ። በሙሽራው ወገን አምስተኛው ቤት ሲደርሱ፣ «ኢዝራ ፒትማን፣ ከኦሃዮ፣ በርሜል ሠሪ» ብለው ጠሩ። አንድ ረጅም አሜሪካዊ ገብቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የቀኝ እጁ አውራ ጣት የለም። በዚያ ዘመን እንዴት እዚህ አገር ደረሰ ብሎ የጠየቀው የለም፤ ምን አገባን።

የሙሽሪት ወገን ቀጠለ። አምስተኛው ቤት ላይ ጋሽ ደምለው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ኢዝራ ፒትማን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከኦሃዮ።»

ንግሥቴ የምንይችልን እጅ ያዘች። ሦስት ዓመት የወደደችውን ሰው ወንድሜ ልትለው ነው እንዴ? ሁሉም ወደ አሜሪካዊው ዞሩ። እሱ ንቅንቅ አላለም። በሩ ተንኳኳና ሌላ ኢዝራ ፒትማን ገባ፤ ያው ፊት፣ ያው ባርኔጣ።

ጋሽ ደምለው እጅ አስዘርግተው ጣት ቆጠሩ። አንዱ ዘጠኝ፣ አንዱ አሥር። ጣታቸው ካልገጠመ ሁለት ሰው ናቸው ብለው ፈረዱ፤ ጋብቻው ተፈቀደ። ንግሥቴ በደስታ አለቀሰች።

ባለ አሥሩ ወደ ባለ ዘጠኙ ጠጋ ብሎ፣ ከብዙዎቻችን በተሻለ አማርኛ፣ ጣትህ ምን ሆነ አለው።

«ዘር ቆጠራ ተጠርቼ ሄጄ፣ ስወጣ በር ቆረጠው።»

ባለ አሥሩ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ጋሽ ደምለው» አለች ንግሥቴ፣ «የሱም ቢቆረጥስ?»

«ያን ጊዜማ እንደገና ይቆጠራል።»

ንግሥቴና ምንይችል ተነሥተው በሩን ነቀሉና ጓሮ ጣሉት። ሙታኑ አመስግነው ሄዱ። ባለ አሥሩ ግን አሁን መውጣት ትችላለህ ቢሉት አልሰማም።

ሠርጉ ካለፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ኢዝራ ፒትማን እስካሁን እዚያው አግዳሚ ላይ ነው። ቀኙን ከኪሱ ስለማያወጣ በግራው ይበላል፤ እትዬ ውቢት ይህን ብቻ አልወደዱለትም። ቤቱ ይበርዳል እንጂ ትዳሩ ደህና ነው።

በሩ ጓሮ ሣር ላይ ተጋድሟል። ነፋስ በሌለ ቀን ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይዘጋል።