ወተቱን ሐዘን እንዳይነካው

ዛሬም አይጠባም፣ አፉን ከጡቷ ጫፍ ላይ ያሳርፋል እንጂ አይስብም፣ እንደ ደከመው ሽማግሌ አንገቱን ክንዷ ላይ ጥሎ ያያታል፣ አጥቢዋ ሚልያ ታየዋለች፣ ጥባ እንጂ የኔ ጌታ፣ ጥባ ፎርቱን፣ የናቫራ ዙፋን እኮ የሚጠብቀው አንተን ነው፣ ወንድሞችህ ተራ በተራ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር ገቡ፣ የቀረኸው አንተ፣ ጥባ። ግንባሩ ይፋጃል። ፈገግ ማለት አለባት። ፈገግ ትላለች።

ሥራዋ ይኸው ነው። ሲቀጥሯት እሜቴ ኤልቪራ፣ የልዑሉ ቤት አዛዥ፣ ወተቷን ጥፍራቸው ላይ አንጠባጥበው መወፈር መቅጠኑን ካዩ በኋላ ሕጉን ነገሯት፣ ነጭ ሽንኩርት አትበይም፣ ከባልሽ አትተኚም፣ አትቆጪም፣ አታለቅሺም፣ ያዘነች ሴት የምታጠባው ወተት ሳይሆን መርዝ ነው። ልጄስ እሜቴ? ልጅሽን ታፋያ ከተማ ላለች አጥቢ እንሰጣታለን፣ የልዑል ወተት ለሁለት አይከፈልም። ልጇ ኦርያ ያኔ ገና ዐይኗን በወጉ አልገለጠችም። እንደ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዷት።

ኦርያ ሞታለች።

መንገር የሚገባው ሰው ይህን አልነገራትም። የነገረቻት ቶዳ ናት፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ያገሯ ልጅ፣ አፏ ወንፊት። ከፋሲካ በኋላ የልዑሉን ጨርቅ ልትወስድ ገብታ፣ አይዞሽ እህቴ፣ የሰጠ አምላክ ነሳ፣ አለች። ምን ነሳ? ቶዳ ጨርቁን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች፣ እንዴ፣ እስከ ዛሬ አልነገሩሽም? ይቺን ምላሴን ውሻ ይብላት! በጾሙ መግቢያ ነው፣ ሳል ነው አሉ፣ እዚያው ታፋያ ቀብረዋታል።

ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር። እሜቴ ያውቃሉ፣ ሐኪሙ መምህር ኤኔኮ ያውቃሉ፣ እንጨት ፈላጩ ሳይቀር ያውቃል፣ ለዚህ ነው ለካ፣ ሁሉ በጾሙ ምስር ሲቆረጥም ለእሷ የደለበ ዶሮ የሚመጣው፣ ወይኑም ከንጉሡ በርሜል፣ ለዚህ ነው ያን አዝማሪ የላኩላት፣ ስለ ቀናተኛው ባልና ስለ በቅሎው እየዘፈነ፣ እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ተከበርኩ ብላ፣ ቤተ መንግሥት ወደደኝ ብላ፣ አፈሩ ሳይደርቅ። ሳቀች።

እንባዋን ዋጠችው። ካለቀሰች ያባርሯታል፣ ካባረሯት ይህ ልጅ የሌላ ሴት ጡት አይቀበልም፣ ሞክረው ነበርና ፊቱ እስኪጠቁር ጮኸባቸው። አንዷን አልደረስኩላትም፣ ይኼ ምን አጠፋ። ስለዚህ ትስቃለች። ትዘፍናለች። አንዳንዴ ሐዘኑ ወደ ጡቷ ሲወርድ ሲሰማት ጡቷን ከአፉ ቶሎ ትነጥቃለች፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች፣ ከዚያ መልሳ ትሰጠዋለች። ያለፈ ይኖር ይሆን፣ አንዲት ጠብታ፣ ማን ያውቃል።

መምህር ኤኔኮ ለልጁ የቀመሙትን መራራ መድኃኒት የሚያጠጡት እሷን ነው፣ በወተቷ በኩል ይደርሰዋል ይላሉ፣ ሞንፔልዬ ከሐኪሞች ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ ላቲናቸው እንደ ጅረት ይወርዳል። ትጠጣለች። ልጁ ግን አይጠባም፣ ታዲያ በየት በኩል ሊደርሰው ነው፣ ይህን አትጠይቅም፣ ምሁር አይጠየቅም። ነፋሱ መስኮቱን ይገፋል። ፎርቱን ጣቷን ይይዛል፣ ሊስብ ነው፣ አዎ ሳበ፣ አንዴ፣ ጎበዝ የኔ አንበሳ፣ እንደገና፣ ዐይኑ ዐይኗ ላይ ነው፣ እንደገና በል እንጂ፣ ጣቷ ላይ የነበረው እጅ ይላላል። ዐይኑ አልተከደነም። ወተቱ ከከንፈሩ ጥግ ይወርዳል።

ሰው ከመጥራቷ በፊት አፉን ትጠርግለታለች።

ንጉሡ ምክንያት ይፈልጋሉ ይባላል፣ ንጉሥ ልጁ በከንቱ አይሞትበትም። መምህር ኤኔኮ ከፊቷ ይቆማሉ፣ እሜቴ ከኋላቸው። ሚልያ፣ ሐዘን ደርሶብሽ ነበር? ድምፃቸው ለስላሳ ነው። አዎ ብትል ልዑል ገዳይ ናት፣ ቶዳም አብራት ትሰቀላለች። የለም ብትል ልጇን ካደች፣ ያን ሁሉ ሌሊት የነከሰችውን ትራስ ካደች። ሐኪሙን ታያቸዋለች፣ ካባቸው ፀጉር አለው፣ በዚህ ሙቀት።

እኔ ምን ሐዘን አውቃለሁ ጌታዬ፣ ደርሶብኝ ቢሆን እርስዎ ዝም ይሉኝ ነበር?

መምህር ኤኔኮ ካባቸውን ይሰበስባሉ። ወተቱ ንጹሕ ነበር ይላሉ፣ ወደ በሩ እያዩ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። እግዚአብሔር አይከራከራቸውም።

እሜቴ ግን አይሄዱም፣ አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ ከተቀጠረች ወዲህ እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም፣ እጇን ይይዛሉ፣ እጃቸው ቀዝቃዛ ነው። የወተቷ ሥራ አብቅቷል፣ አሁን ሰው መሆን ይቻላል። ሚልያዬ፣ ልብሽን አጽኚ፣ ያንቺም ኦርያ አርፋለች።

መቼ?

እሜቴ ትንሽ ያስባሉ። ትናንት፣ ይላሉ።

ትናንት። አያፍሩም፣ ፊታቸው ደግ ነው፣ ውሸቱን እንደ ምጽዋት ዘርግተውላታል። አትቀበይ፣ በያቸው፣ ጾም ሲገባ ነው በያቸው፣ ዶሮ ያበላችሁኝ ያኔ ነው በያቸው፣ አፏ ይከፈታል፣ ግን ትናንት ካሉ፣ ትናንት ከሆነ፣ ፋሲካን ኖራለች ማለት ነው፣ ጥርስ አውጥታለች፣ ከታች ይሆናል መጀመሪያ፣ የታፋያዋን ሴት ጡት ነክሳ ተቆጥተዋታል፣ ድኻለች፣ ጉልበቷ ቆሽሿል፣ የአልጋ እግር ይዛ ቆማለች፣ ወድቃለች፣ እሷ በአዝማሪው ስትስቅ ኦርያም የሆነ ነገር አይታ ትስቅ ነበር፣ በዚያው ሰዓት፣ አልተቀበረችም፣ ገና ነው።

ትናንት፣ እሜቴ? ትላለች። ትናንት ጠዋት ወይስ ማታ?

ማታ፣ ይላሉ እሜቴ፣ ማታ ነው።

እንግዲያው ትናንት በሕይወት ውላለች። ቀኑን ሙሉ። ሚልያ ራሷን ጉልበቷ ላይ ትጥላለች፣ ማንም አታለቅሺም፣ ማንም ዝም በይ አይላትም፣ ታለቅሳለች፣ ለትናንት ማታ።