ረሺዳ ጮክ ብላ ስታስብ

ረሺዳ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ የሚያቅታት ነገር አልነበረም። የሚያቅታት ማውራት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ቦታ ለፕሮግራመርነት ተፈትናለች። ሁለቱም ቦታ ሰሌዳ ፊት አቁመው፣ «ምን እያሰብሽ እንደሆነ ጮክ ብለሽ ንገሪን» ሲሏት ምላሷ ተሳሰረ። ሁለቱም ቦታ አልወሰዷትም።

እናቷ ኒዕማ በወጣትነቷ ከወሎ ካርቱም የመጣች ናት። ቀን አል-ማንሺያ ሰፈር በአንድ ባለጸጋ ቤት ትሠራና ማታ በሀፍላ አውቶቡስ ተጋፍታ ወደሚኖሩበት ካላክላ ትመለሳለች። ረሺዳ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚያው ስለሆነ አማርኛዋ ከጓዳ አያልፍም።

የሱዳን አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ በክረምቱ መግቢያ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ማመልከቻ ካስገባችበት ድርጅት በሽር የሚባል ሰው ደወለላት። ድርጅቱ ለአገር አቋራጭ አውቶቡሶች የትኬት መቁረጫ ፕሮግራም ይሠራል።

«በኢንተርኔት ልንፈትንሽ ነበር፤ አልሆነም። በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ ነይ» አላት።

መለማመጃ የምታይበት ኢንተርኔት የለም። ያለችው እናቷ ብቻ ናት።

«ዩማ» አለቻት እናቷን፣ «ተቀመጪና ስሚኝ።»

«ልብሱን እያጠፍኩ እሰማለሁ።»

«ሺህ ስም በፊደል ተራ ተጽፏል እንበል። አንዱን ፈልጌ ላገኝ ነው።»

«ከላይ ጀምረሽ ማንበብ ነዋ።»

«አይደለም። መሐሉን አያለሁ። የምፈልገው ከዚያ በላይ ከሆነ የታችኛውን ግማሽ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እተወዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«የቀረውንም ለሁለት እከፍላለሁ።»

«ስሙ ከነጭራሹ ከሌለስ?»

ረሺዳ ጣቷን አየር ላይ እያንቀሳቀሰች በልቧ ትከፍል ጀመር።

«ዝም አትበይ እንጂ» አለች ኒዕማ። «እያሰብሽም ቢሆን አውሪ።»

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆኑ። የምትፈልገው የኮምፒውተር ቃል በአማርኛ ሲጠፋት ረሺዳ በዙሪያው ትሄዳለች፤ አንዱን «ዕቃ የሚቀመጥበት ጣሳ» ትለዋለች፣ ሌላውን «በር ላይ የሚቆም ዘበኛ»። ኒዕማ ካልገባት «ድገሚው» ትላታለች እንጂ ገባኝ አትልም።

የፈተናው ቀን በሽር ሰሌዳ ፊት አቆማት። ጠና ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ካርቱም፣ አንዱ ገዳሪፍ ሆነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ የአውቶቡስ ወንበር ሊገዙ ቢሞክሩ ምን ታደርጊያለሽ?»

ረሺዳ ሰሌዳው ላይ አንድ ወንበር ሣለች። ከዚያ እናቷ ልብሱን እያጠፈች ፊቷ የተቀመጠች ያህል፣ በቀላል ዐረብኛ ጀመረች። «መጀመሪያ የደረሰው ወንበሩን ይቆልፋል። ሁለተኛው ተይዟል ይባላል።»

«የቆለፈው ሰው ሳይከፍል ቢጠፋስ?»

ይህን አላሰበችበትም። «አላውቅም፤ ቆይ፣ እያወራሁ ላስብ» አለች። «ወንበሩ እንደተቆለፈ ይቀራል። አውቶቡሱ ባዶ ወንበር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቁልፉ ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። ዕድሜው ሲያልቅ በራሱ ይከፈታል።»

«ልክ በሚከፈትበት ቅጽበት ሰውየው ሊከፍል ቢመጣስ?»

መለሰች፤ ተሳሳተች፤ አረመች። በመሐል መብራት ጠፋ፤ በሽር ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ ገፋላትና ቀጠሉ። ሲጨርሱ እጇ በቀለም ተጨማልቋል፣ ድካሙ ግን ደስ የሚል ነበር።

«መልስሽ ሁሉ ልክ አይደለም» አላት በሽር። «ግን የት እንደተሳሳትሽ አብሬሽ ማየት ችያለሁ። ለሦስት ወር ሙከራ፣ እሑድ ሥራ ሲከፈት ጀምሪ።»

ማታ ለእናቷ ስትነግራት ኒዕማ ልጇን ሳመቻትና፣ «አልሐምዱሊላህ። እስቲ የጠየቁሽን ለእኔም ንገሪኝ» አለች። ረሺዳ እስከ መጨረሻው ነገረቻት።

ሥራ ስትጀምር ኢንተርኔቱ ተመልሶ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የቢሮው ሰው አንድ ሳሕን ፉል ከብቦ ስለ ፕሮግራሙ ይከራከራል። አንድ ቀን ረሺዳ በሽርን፣ «አይ፣ እንዲህ ከሆነ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል» ብላ እየሞገተች፣ ዳቦውን እንደያዘች ሁሉም መብላቱን ትተው እያዳመጧት መሆኑን አየች። ትንሽ አፈረች፤ ሐሳቧን ግን አላቋረጠችም።