የመስኮቱ ፎቶ

የታላቂቱ እህት ድድ አብጦ የጥርሷን ሽቦ ሊውጠው ደርሷል። ብሩሽ ሲነካው ስለሚደማ መቦረሽ ትታ ነበር፤ ባሰባት። «የሚደማው ስለማትቦርሺው ነው» አላት የጥርስ ሐኪሙ ትናንት። «እብጠቱ ሳይቀንስ ሽቦውን አላጠብቀውም።» በዚያው ቀጠሮ የታናሽ እህቷን ሽቦ ፈታ።

ሽቦውን ያሳሰሩት አብረው ነበር። ፎቶ አንሺው አባታቸው ያኔ፣ ቀድማ የምትጨርሰውን ልጅ ፎቶ በሱቁ መስኮት እሰቅላለሁ ብሎ ነበር። ለእሱ ጨዋታ ነው። ታላቂቱ ግን ሰው ሁሉ የታናሿን ቁንጅና ሲያወራ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ መስኮቱ እንኳ የእሷ እንዲሆን ፈልጋ ነበር።

ዛሬ ታናሿ በሱቁ ውስጥ፣ ካሜራው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ታላቂቱ ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ ይዛ፣ ከንፈሯን ገጥማ ቆማለች።

«ሳቂ እንጂ!» አለ አባትየው።

ታናሿ ሞከረች። ሽቦ መደበቅ የለመደ ከንፈሯ አልከፈት አለ።

«እንቢ አለኝ አባባ። እታለም ያቺን የዝንጀሮ ፊት ትሥራልኝ።»

ያ ፊት ታናሿን ከልጅነቷ ጀምሮ በሳቅ ያንከባልላታል። ታላቂቱ ታውቃለች።

«ድዴን ያመኛል» አለች። እውነቷን ነው፤ ግን ሰበብ በማግኘቷ ደስም ብሏታል።

አባትየው ካሜራው ላይ ጨርቅ ጣል አደረገ። «በቃ፣ ያንቺም ይፈታና ሁለታችሁንም አነሳችኋለሁ።»

«ይሻላል» አለች ታናሿ ከበርጩማው እየተነሳች። «እታለም ካኮረፈች ማን ይችላታል?»

ይሄኛው ባሰ። ጭራሽ ቢነፍጓት ይሻላት ነበር፤ አዝነው ሲያካፍሏት ግን ደሟ ፈላ።

«ማን አኮረፈ? ተቀመጪ! አባባ፣ ጨርቁን አንሳው።»

ጉንጮቿን ነፋች፤ ዓይኖቿን አንሸዋረረች፤ የላይ ከንፈሯን እስከ አፍንጫዋ ሰበሰበች። ሽቦው ያበጠውን ድድ ቆነጠጠው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ታናሿ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ካሜራው ቀጭ አለ።

ታናሿ በታላቋ ከንፈር ላይ ደም ያየችው ያኔ ነው። ዘላ ወረደችና አገጯን ያዘቻት። «እየደማሽ እኮ ነው! አፍሽን ክፈቺ እስቲ።»

«ልቀቂኝ! መጀመሪያ ፎቶውን አሳዩኝ።»

አባትየው ካሜራውን አዞረላት። የታናሿን ጥርሶች አንድ በአንድ አየቻቸው። አጉልታም አየቻቸው። አንድ እንኳ የተጣመመ አጣች።

«አንገትሽን አጣምመሻል» አለች በመጨረሻ፣ ከንፈሯን በመሐረብ ይዛ። «እንደገና ተቀመጪ።»

«ፊቱን ደግሞ ማን ይሠራል?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለሽ?»