የገብስ ተራ

አማቴ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ ሥር ተቀምጠው ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱን አስረከቡ፤ ጽሑፉን ግን ይዘውት የመጡ ይመስለኛል። ባለቤቴ ስለ አባቱ ሲጠየቅ «ጥሩ ሰው ነው፣ ይመስለኛል» ይላል። እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ አልነገሩትማ።

እኔ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የሴት ፀጉር ቤት የገባ ያውቀዋል፤ በሩ ከተከፈተ እስኪዘጋ ወሬ ነው። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት የማድረቂያው ጩኸት የራሷን ድምፅ ስለሚውጥባት ምስጢሯን የምታወራው እየጮኸች ነው። ባሏን፣ አለቃዋን፣ የባሏን እህት፣ ሁሉንም ተቀብዬ የማስተናግደው እኔ ነኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ውስጥ ገበያ የቆመ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሲመጣ እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። አመሻሹ ላይ ሥራዬን ጨርሼ ከአማቴ ጋር ከፀጉር ቤቱ ማዶ ያለችው ጠባብ መጠጥ ቤት እንገባለን። መስኮቱ ጋ ያለችው ጠረጴዛ የእኛ ናት። አንድ እግሯ አጭር ስለሆነ አስተናጋጁ ካርቶን አጥፎ ከሥሯ ይሰካል፣ ሁለት ጥቁር ቢራ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። ባለቤቴ አይጠጣም፤ ደግሞም ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ ቅዳሜ ሱቁ ሥራ ይበዛበታል። እኔና አባባ እንጠጣለን፣ መንገዱን እናያለን፣ አናወራም። ካገባሁ ጀምሮ እንዲህ ነው። ከተማው ውስጥ ምንም የማይጠይቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ።

ጥቁር ቢራ ስላችሁ ደግሞ እንዲሁ ቢራ ማለቴ አይደለም። ቢጫው ለጥም ነው፤ ውሃ ካለ ቢቀርም ይቀራል። የጥቁሩ አረፋ ግን ወፍራም ነው፣ ላይኛው ከንፈር ላይ ይቆያል። መረረኝ ስትሉ ይጣፍጣችኋል፣ ጣፈጠኝ ስትሉ ያረረ ነገር ይሸታችኋል። ይህን ሁሉ የምለው ሰዎች «ለቢራ እንዲህ ይሆናል?» ሲሉኝ ስለሚያናድደኝ ነው። ይሆናል።

ታዲያ እጄ ታመመ። መጀመሪያ አሳከከኝ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ ተሰነጣጠቀ። ሳሙና ቀየርኩ፣ ቀለም ቀየርኩ፣ ጓንት አደረግሁ፤ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን የቆየች ደንበኛዬ ጭንቅላቷን ገንዳው ላይ ካሳረፈች በኋላ እጄን አየችና ቀና አለች። «ዛሬ ጓደኛሽ ትጠበኝ» አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችው፤ ያመመኝም ትሕትናዋ ነው። ፀጉር ሠሪ እጇን ከተጠየፏት ምን ይቀራታል?

የቆዳ ሐኪሟ እጄን አገላብጣ አየች፣ የምበላውን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

«ለጊዜው እህል የሚባል ነገር በአፍሽ እንዳይዞር» አለች። «ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ አጃ፣ ገብስ፣ ሁሉንም ተይ። እጅሽ ሲድን አንድ በአንድ እየመለስን ጥፋተኛውን እንይዘዋለን።»

«ጥቁር ቢራስ?»

«ቢራ ከምን የሚሠራ ይመስልሻል?»

ከገብስ ብቅል እንደሚሠራ አላጣሁትም። ምናልባት እሷ ካላወቀች ብዬ ነው።

እናቴ በስልክ ስነግራት «እህል ካልበላሽ ምን ልትበዪ ነው?» ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። መልሱ ድንች ነበር። ድንች፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ እንደገና ድንች። ባለቤቴ «አንቺ ሳትበዪ እኔ ዳቦ አልገምጥም» ብሎ አብሮኝ ገባበት። ሱቁ ውስጥ፣ መሳቢያው ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ ጋር ብስኩት እንደሚደብቅ ባውቅም አመሰገንኩት።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ አስተናጋጁ እንደ ልማዱ ሁለት ብርጭቆ ይዞ መጣ። የእኔን መልሼ ውሃ አዘዝኩ። አባባ ቢራዬ ሲሄድ በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ የራሳቸውንም ገፋ አደረጉና «ለእኔም ውሃ» አሉ።

ሁለት ሰዎች ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዘው ዝም ሲሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ያ ሁሉ ዓመት የተመቸኝን ዝምታ ደግፎ የያዘው ለካ ቢራው ነበር። አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ቢያንስ አንዳችን እንጠጣ» አልኩና ቢራቸውን አስመለስኩላቸው። ተጎነጩ።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

አሰቡ። «ቀዝቃዛ ነው።»

«ሌላስ?»

«ጥቁር ነው።»

«እሱንማ እኔም አያለሁ።»

ደንገጥ አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋቸውም። ውሃዬን እየጠጣሁ የእሳቸው አረፋ ሲወርድ ሳይ ከረምኩ።

እጄ ግን ዳነ። እንደ ሕፃን እጅ ለሰለሰ፤ ያቺም ደንበኛዬ ተመልሳ ጭንቅላቷን ሰጠችኝ። ሐኪሟ «እንግዲህ በፈለግሽው ቅደም ተከተል ጀምሪ፤ በየመሀሉ ጥቂት ቀን እየጠበቅሽ» አለችኝ። ባለቤቴ «ገብስን አስቀድሚና ይለይልሽ» አለ። እኔ ፈራሁ። ገብስን መጨረሻ ላይ አሰለፍኩት። አራቱ ከፊቱ ካሉ እሱ ጋ ሳይደርስ አንዱ ይያዛል፣ ጉዳዩም ይዘጋል ብዬ ነው። የፀጉር ሠሪ ስሌት እንዲህ ነው።

ሩዝ በላሁ። ቀኑ ሲደርስ ባለቤቴ ሰዓት የሚመረምርባትን ማጉያ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈተሸ። «ንጹሕ ነው» አለ። ደስ አለኝ። በቆሎ በላሁ፤ ንጹሕ። ትንሽ ከፋኝ። አጃ በላሁ፤ ንጹሕ። ምግብ አልዋጥልኝ አለ።

«ሰው ዳንሽ ሲሉት ይደሰታል» አለ ባለቤቴ ግራ ገብቶት።

አንዱ ነጻ በወጣ ቁጥር ገመዱ ወደ ገብስ አንገት እንደሚጠጋ አልታየውም። የቀረኝ ስንዴ ብቻ ነበር፤ ተስፋዬን ሁሉ ስንዴ ላይ ጣልኩ። ጠዋት ዳቦ፣ ምሳ ዳቦ፣ ማታ ፓስታ፣ በመሀል ኬክ። በላሁ አይባልም፣ ከሰስኩ ነው የሚባለው። የደንበኛ ፀጉር ቢጎዲን ላይ እየጠቀለልኩ እንኳ ጣቶቼን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ፤ ምነው ትንሽ ባሳከከኝ እላለሁ። አላሳከከኝም። ማጉያዋ ስንዴንም በነጻ አሰናበተችው።

ዳቦዬን እየገመጥኩ አለቀስኩ። ባለቤቴ ዳቦው ናፍቋት ነው ብሎ ሌላ ቆረሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ቆምኩ። ገብስን አልሞከርኩም። ቅዳሜ መጣች፣ ውሃዬን ጠጣሁ። ሌላ ቅዳሜ መጣች፣ እንደገና ውሃ። አንድ ማታ ባለቤቴ የተፈታ ሰዓት ፊቱ ዘርግቶ፣ ቀና ሳይል «ምን እየጠበቅሽ ነው?» አለኝ።

«ካልቀመስኩት እስካሁን የእኔ ነው» አልኩት። «ከቀመስኩት ላጣው እችላለሁ።»

«ማንን? ቢራውን ነው አባቴን?»

ይህ ሰው ብስኩት ይደብቅ እንጂ ሞኝ አይደለም። እውነቱን ነው፤ የፈራሁት አባባን እንዳላጣ ነበር። እኔና አባባን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠን ጥቁር ቢራ ነው። እሱ ከሌለ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ውሃ ከምትጠጣ ምራታቸው ጋር በየቅዳሜው የሚቀመጡት ለምንድን ነው? አንድ ሁለት ወር በይሉኝታ ይመጣሉ፣ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላሉ፣ ከዚያ ይቀራሉ። እንዲህ ተንጠልጥሎ መክረም ግን ደከመኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና በሩ ላይ ሆኜ ለአስተናጋጁ ሁለት ጣት አሳየሁት።

ቢራዬ ሲመጣ አባባ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አረፋው ከንፈሬን ሲነካው፣ ያ ያረረ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ስውጥ አባባ አፌን አፌን ያዩኛል።

«እንዴት ነው?» አሉ።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኩ።

«ጥቁርም ነው» አሉ እሳቸው።

ሳቅን። አባባ ሲስቁ ድምፅ እንዳላቸው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ማጉያውን ሰካ። አንዱን እጄን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ ቀለበት ጣቴና መሀል ጣቴ መካከል ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ማጉያውን አወለቀና በባዶ ዓይኑ አየኝ።

«ትንሽ ነገር አለ» አለ።

እሱ እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም፤ ከነጋ ጀምሮ ሲያሳክከኝ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ለቢራ አለቀሰች በሉኝ፣ ግድ የለኝም። ልብሴን ለብሼ ሥራ ገባሁ፤ ካስክ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ሲጮኹብኝ ዋሉ።

ቅዳሜ ሲደርስ አልሄድም አልኩ። ባለቤቴ ከሱቁ ደወለልኝ።

«አባቴ ስልክ ደውሎ ነበር» አለ።

«አባባ? ስልክ?»

«እኔም ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ‹ትመጣለች?› ብሎ ዘጋው።»

መንገዱን ተሻግሬ ስገባ አባባ ቀድመውኛል። ፊታቸው አንድ ጥቁር ቢራ አለ፣ እኔ ቦታ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ቢራው አልተነካም፤ ብዙ ጠብቀው ኖሮ አረፋው ወርዶ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀርቷል። ካርቶኑን ራሳቸው አጥፈው ሰክተውታል፣ ጠረጴዛዋ አትነቃነቅም። ተቀመጥኩና እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ። አይተውት ነበር።

ብርጭቆውን አንስተው ተጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ትን ያላቸው መስሎኝ ልነሳ ነበር።

«መነሻው ላይ» አሉ፣ «መራራ ነው። ሰው ሁሉ ይጋፋል። እግር ይረገጣል።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ሁለተኛው ፌርማታ ላይ መራራው ይወርዳል። ያረረ ዳቦ ይሳፈራል። መሀሉ አይደለም፣ ጠርዙ።» ደገሙ። «ከዚያ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። መሪውን በአንድ እጅ ትይዣለሽ።»

«ጣፋጩስ አባባ?»

«ቆይ ልጄ፣ አልደረስንም።» በእርጋታ ጠጡ፤ አውቶቡስ እየነዱ ያሉ ይመስል። «እሱ ያለው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው። ሁሉም ከወረደ በኋላ። ትንሽ ነው፣ የቸኮለ አያገኘውም።»

አስቀመጡት። ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መንገዱን እያዩ ቀጠሉ።

«የባልሽ እናት ሥራዋን ስትጨርስ መጥታ ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ቤታችን የመስመሬ መሀል ላይ ነው፤ አትወርድም። እስከ መጨረሻው አብራኝ ሄዳ አብራኝ ትመለሳለች። ማነጋገር ክልክል ስለነበር አናወራም።»

«ቤት ስትገቡስ?»

«ለምዶብን ነበር።» አሰቡ። «ጥሩ ነበር። አንቺም ስትመጪ እንደሷ ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ፤ ደስ አለኝ። ግን አንዳንድ ነገር ብነግራት ኖሮ ይሻል ነበር።»

ሳምንቱን ሙሉ ወሬ ስሸሽ የምውል ሴት አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ጠረጴዛው ላይ ተደገፍኩ። እጄን ረስቼው አውጥቼዋለሁ፤ ቀይ እንደሆነ ብርጭቆው አጠገብ ተዘርግቷል።

«ምን ይነግሯት ነበር?» አልኳቸው።

ብርጭቆውን አዘንብለው ወደ ውስጥ አዩ። «አልቋል» አሉ። ጥፋቱ የቢራው ነው።

አስተናጋጁን ጠራሁና አንድ ጥቁር ቢራ አዘዝኩ። እጄን አየ፣ ውሃዬን አየ።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለሁለታችን» አልኩት። አባባ ከአሁኑ ጉሮሯቸውን መጥረግ ጀምረዋል።