የስልሳ አራቱ ፍጻሜ

እኔ ዘይባ አርፎ መቀመጥ የማይችል ሰው አልወድም። ወንድሜ ከማሉ ግን በዚያ ሰሞን መቀመጥም መቆምም አቃተው። ቡታጅራ ገበያ ዳር ባለችው የጨርቅ ሱቃችን ከአቡጀዴው ጥቅል ጀርባ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ እያነከሰ እስከ በሩ ሄዶ ይመለሳል። እኔ ለደንበኛ ጨርቅ ስለካ እሱ ከኋላዬ «ገባች! ኧረ ሳተች!» ይላል። ሴትዮዋ ደንግጣ ታየኛለች። «አይዞሽ፣ ኳስ ነው» እላታለሁ። ምን ልበላት ታዲያ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማሉ አዲስ አበባ ለአንድ ክር ፋብሪካ ቡድን በደመወዝ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። በስልሳ አራት ዓመተ ምህረት ቡድኑ ፍጻሜ ለመድረስ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ጉልበቱ ተሰበረ። እኛ አምጥተን አታት ሆስፒታል አስተኝተነው ሳለ ጓደኞቹ ያለ እሱ ፍጻሜውን ተጫወቱ፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ጠባሳው እንዳይታይ ከረጅም ሱሪ ሌላ አይለብስም። እንቅልፍ የነሳችው ግን ያቺ አንድ ነጥብ ናት።

ከሸሚዝ ካርቶን ለየተጫዋቹ ቁራጭ ቆረጠና ስም ጻፈበት። ከዚያ ካርታ እየበወዘ አንድ አንድ ይስባል። ቀይ ከወጣ ኳሷ ገባች፤ ጥቁር ከወጣ ሳተች። ጎበዝ ለሚላቸው ጥቁር ንጉሥም እንደ ቀይ ይቆጠርላቸዋል፤ ለራሱ ግን ምንም አልጨመረም። እንዲህ እያለ የዚያን ዓመት ውድድር ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ እንደገና ያጫውታል፤ በካርታው ውስጥ ጉልበቱ ደህና ነው። ፍጻሜው ላይ ሲደርስስ? ካርታውን ደባልቆ እንደገና ከመጀመሪያው! ወላሂ፣ አንድም ቀን ፍጻሜውን አልተጫወተም።

በዚህ መሃል የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር «ልጆቹን ቅርጫት ኳስ አሰልጥንልኝ፤ እስከ ሰኞ ካልመጣህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለው። የከማሉ መልስ አንድ ነው፤ «ይቺን ውድድር ልጨርስና።» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ደሜ ፈላ።

እናታችን ከድጄ ደግሞ ያየችው ካርታውን ብቻ ነው። «ልጄ ቁማርተኛ ሆነብኝ» ብላ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሽማግሌ ይዛ ከተፍ አለች። ሐጂ አብዶና ጎረቤታችን አቶ ሽባባው ጥቅሉ ላይ ተቀመጡ። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ ነገሩ ሳይቋጭ አይነሳም፤ ውሃ እንኳ አይቀምስም።

«ምን አስይዘህ ነው የምትጫወተው?» አሉ ሐጂ።

«ምንም።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም።»

«ታዲያ ማን ሊበላ ነው?» አሉ አቶ ሽባባው እየሳቁ።

ከማሉ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ተናገረ። ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ፍጻሜውን ለምን ትሸሻለህ?» አሉት።

«ፈርቼ ነዋ» አለ። «ከእኔ ጋር ካሸነፉ ዋንጫውን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ። ከእኔም ጋር ከተሸነፉ ደግሞ ድሮም ምንም አልነበርኩም ማለት ነው።»

አንጀቴን በላው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጮህበት እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ መያዙን መች አወቅኩ?

«እንግዲያው ይሄ ቁማር አይደለም፤ ያልተቋጨ ክስ ነው» አሉ ሐጂ። «ከሳሽም አንተ፣ ተከሳሽም አንተ። ዳኛም ልትሆን? አይሆንም! ሰው በራሱ ጉዳይ አይዳኝም። ፍጻሜው አሁን እዚሁ ይጫወታል፤ ካርታውን የሚስበውም ሌላ ሰው ነው። ዘይባ፣ ነይ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ያየሽውን ትናገሪያለሽ።»

«ኧረ እኔ ሱቅ አለብኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ።

መሳብ ጀመርኩ። አቶ ሽባባው እኛን ለማናደድ ብለው ተጋጣሚውን የጠርሙስ ፋብሪካ ቡድን ደገፉ። እናቴ መጀመሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «አዑዙ ቢላህ» ትል ነበር። ቆይታ በአንድ ዓይኗ ማየት ጀመረች። በኋላማ «ለልጄ አቀብሉት እንጂ!» እያለች ጥቅሉን በጡጫ ትደበድብ ጀመር። ደንበኞች በሩ ላይ ተኮለኮሉ። ከማሉ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

አንድ ኳስ ቀረ። በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። ከማሉ የራሱን ስም የያዘውን ካርቶን ወደፊት ገፋ አደረገና «የምወረውረው እኔ ነኝ» አለ። ከገባች ሁለት ነጥብ ናት፤ ዋንጫው የእኛ ነው።

ሳብኩና ለብቻዬ አየኋት። ጥቁር ሰባት። ቀይ ናት ብዬ ካርታው መሃል ብከታት ማን ያውቃል? ወንድሜ ነው እኮ! ቀና ስል ከማሉ ካርታዋን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየው። መዋሸት አቃተኝ። ገልብጬ ፊቱ አስቀመጥኳት።



«ድገሚው!» ብላ ጮኸች እናቴ። ሽማግሌ ጠርታ የመጣችው ያቺው እናቴ! «የዘይባ እጅ አይቀናም፤ እኔ ልሳብ!» ብላ እጇን ወደ ካርታው ሰደደች።

ከማሉ እጇን ቀስ ብሎ ያዘው። ጥቁሯን ሰባት አየት አየት አደረጋትና ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው ወረደ። «ያለ እኔም በአንድ፣ ከእኔም ጋር በአንድ» አለ። «እኔም እንደ እነሱ ሰው ነበርኩ። በቃ አልቋል፣ እማ።»

«በሉ ውሃ ስጡን» አሉ ሐጂ አብዶ።

ውሃውን ከማሉ ራሱ ቀዳላቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣና «ከካኪው ለቁምጣ የሚሆን ቁረጪልኝ፤ ሰኞ ልጆቹ ይጠብቁኛል» አለኝ።

«ለቁምጣ?» አልኩት ጉልበቱን እያየሁ።

«ለቁምጣ።»

መቀሱን አነሳሁ።